የ650 ዶላሩ ቡፌ፤ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የቤት ዕቃ በኢንተርኔት ስለመግዛት

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል የሚከተለው ለብዙ አንባቢ ይጠቅማል ብለን ስላመንን ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል። ጠያቂያችን የአዲስ አበባ ነጋዴ ናቸው። እህታቸው የሚኖሩት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለቱ በጋራ እዚህ አዲስ አበባ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ለመክፈት በዝግጅት ላይ ሲሆኑ፣ የመቀበያ ክፍሉን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ ዕቃዎች ለማስዋብ ያስባሉ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እህት በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ «ሚድ ሴንቸሪ፣ ዴኒሽ ስታይል፣ ሮዝውድ» የተባለ ረጅም ቡፌ አግኝተዋል። የጥሪ ዋጋው 650 ዶላር ነው። ሻጩ «ፈላጊ ስለበዛ ዛሬውኑ 100 ዶላር ቀብድ ካልተላከልኝ አላቆይም» ብሏል። የጠያቂያችን ጥያቄ አጭር ናት፦ «ቀብዱን እንላክ ወይስ እንተወው?»

መልሳችንም አጭር ነው፤ አይላኩ። ምክንያቱ ግን ሻጩ አጭበርባሪ ስለሆነ አይደለም፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ዋናው ምክንያት እስካሁን በእጃችሁ ያለው የዕቃው ስም እንጂ የዕቃው ዋጋ አለመሆኑ ነው። በዚህ ገበያ ስምና ዋጋ ተለያይተው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ርካሽ ዕቃ የሚገኘውም፣ ገንዘብ የሚጠፋውም በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ስሙን ያወጣው ማነው?

«ሚድ ሴንቸሪ ሞደርን» የሚባለው የቤት ዕቃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አንስቶ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በተለይ በአሜሪካና በሰሜን አውሮፓ በብዛት ይሠራ የነበረ ነው። ቅርጻ ቅርጽ አይበዛበትም። እግሮቹ ቀጫጭንና ወደ ታች እየሾሉ የሚሄዱ ናቸው። እንጨቱ በቀለም ሳይሸፈን የተፈጥሮ መልኩ እንዲታይ ይደረጋል። ከአሜሪካ ባልና ሚስቱ ቻርልስና ሬይ ኢምስ እንዲሁም ኤሮ ሳሪነን፣ ከዴንማርክ ሃንስ ቬግነር፣ አርነ ያኮብሰንና ፊን ዩል በንድፍ ሥራቸው ስማቸው ይጠራል። የአዲስ አበባ ነዋሪ የዘመኑን መንፈስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውና በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። አዳራሹ ዓመታት ከፈጀ እድሳት በኋላ በጥቅምት 2024 ዳግም ተከፍቷል።

ለገዢ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ስያሜ በገበያው ውስጥ የተለመደው ዕቃዎቹ ከተሠሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ካራ ግሪንበርግ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1984 በዚሁ ስም መጽሐፍ ካሳተመች ወዲህ ነው። በ1958 ቡፌውን ከመደብር የገዛው ሰው «ሚድ ሴንቸሪ ገዛሁ» አላለም፤ ቡፌ ገዛሁ ነው ያለው። ዛሬ የእሱን ቤት የሚያስለቅቁት ልጆችና የልጅ ልጆችም ብዙ ጊዜ የሚለጥፉት «የአያቴ ቡፌ»፣ «አሮጌ የእንጨት ዕቃ»፣ «ለቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሚሆን» እያሉ ነው። በማስታወቂያው ላይ «ሚድ ሴንቸሪ» ብሎ የጻፈ ሻጭ ስሙን ያውቃል። ስሙን ካወቀ ደግሞ የስሙንም ዋጋ ጨምሮበታል ማለት ነው።

ስለዚህ ፍለጋው መጀመር ያለበት በተራው ሰው ቃል ነው። «ኦልድ ቡፌ»፣ «ሎንግ ድሬሰር»፣ «ቲክ ቴብል»፣ «ዎልነት ካቢኔት» ብሎ መፈለግ፣ ከዚያም ስዕሉን በዓይን መለየት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ መቶ ቆሻሻ ዕቃ አይቶ አንድ ደህና ነገር ይገኛል። የእኛው ቁራሌው ከግቢ ግቢ እየዞረ የሚያደርገው ይኸንኑ አይደል? የአምራቾቹንና የነዳፊዎቹን ስም በተሳሳተ ፊደል መፈለግም አንዳንድ ጊዜ ያዋጣል። የኢምስን ስም አንድ ፊደል ጥሎ የጻፈ ሻጭ ዕቃው ከብዙ ፈላጊ ዓይን ይሰወራል፤ ፈላጊው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ድርድሩ ይቀላል።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

የጠያቂያችን እህት የሚኖሩበት አካባቢ ለዚህ ገበያ የተመቸ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ መንደሮች ሞልተዋል። በቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ አጠገብ የሚገኘው ሆሊን ሂልስ ግንባታው በ1949 የተጀመረ ሲሆን ቤቶቹን የነደፈው አርክቴክት ቻርልስ ጉድማን ነው። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚገኘው ሃመንድ ዉድም የእሱው ሥራ ነው። እንዲህ ባሉት መንደሮችና በዙሪያቸው ባሉት ተራ ቤቶች መጀመሪያ የገቡት ሰዎች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ወራሾቹ ቤቱን ለመሸጥ ይቸኩላሉ። ዕቃው ደግሞ እንቅፋት ነው። በዚህ ጊዜ «ኢስቴት ሴል» የሚባለው ሽያጭ ይዘጋጃል፤ የቤቱ ንብረት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እዚያው እግቢው ይሸጣል። የሚካሄድበት ቀንና የዕቃዎቹ ፎቶግራፍ ቀደም ብሎ ኢስቴት ሴልስ ዶት ኔት በመሰሉ ድረ ገጾች ላይ ይወጣል። በመጀመሪያው ጠዋት ዋጋው አይነካም። በመጨረሻው ቀን ግን በግማሽ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ከባድ ቡፌ ደግሞ የሚያነሳው ሰው ስለማይገኝ እስከ መጨረሻው ቀን ከሚቆዩት ዕቃዎች አንዱ ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ነበሩ። ሌን በአልታቪስታ፣ አሜሪካን ኦቭ ማርቲንስቪልና ባሴት በዚያው በቨርጂኒያ፣ ብሮይሂል በሰሜን ካሮላይና በሌኖር ከተማ፣ ድሬክስልም በዚያው ግዛት። ብሮይሂል ከብራዚሊያ ከተማ ሕንፃዎች ቅስት በተወሰደ ጌጥ የሠራውና በ1962 ለገበያ ያቀረበው «ብራዚሊያ»፣ እንዲሁም ድሬክስል በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣው «ዴክላሬሽን» በስም ተለይተው የሚፈለጉ ናቸው። እነዚህ በእጅ የተሠሩ ብርቅ ዕቃዎች አይደሉም፤ በገፍ የተመረቱ ናቸው። ርካሽ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው። በእኛ ግምት ለእንግዳ ማረፊያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በእነዚህ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። የቬግነርንና የኢምስን ስም ያገኘ ዕቃ «ርካሽ ነው» ሲባል ከመደሰት በፊት መጠርጠር ይቀድማል።

ስለ ገበያ ቦታዎቹም ጥቂት እንበል። ኢቤይና ክሬግስሊስት ከ1995 ጀምሮ ያሉ ናቸው። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ በ2016 የመጣ ቢሆንም ለከባድ የቤት ዕቃ ዛሬ ዋናው ሜዳ እሱ ነው። ሾፕ ጉድዊል የበጎ አድራጎት ድርጅት ጨረታ ነው። ገቭ ዲልስ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች አሮጌ ዕቃቸውን ያጫርታሉ፤ የቢሮ ወንበር ለሚፈልግ ጥሩ ቦታ ነው። ፈርስት ዲብስና ቼሪሽ ግን የሱቅ ነጋዴዎች የሚያቀርቡባቸው ስለሆኑ ለመግዣ ሳይሆን ለመማሪያ ይጠቅማሉ። ፎቶግራፋቸው ጥርት ያለ፣ ስሙም አመቱም የተጻፈበት ነው፤ ዓይንን እዚያ አሠልጥኖ፣ ግዢውን ሌላ ቦታ ማድረግ ነው።

የተጠራውና የተሸጠው

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ፣ 1,800 ዶላር ይሸጣል» ይላል። ያየው ግን የጥሪ ዋጋ ነው። መርካቶ ውስጥ የተጠራ ዋጋ ሁሉ እንደማይከፈል ለአንባቢያችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በኢቤይ ላይ «ሶልድ አይተምስ» የሚለውን ምርጫ ሲጫኑ ግን ባለፉት ሦስት ወራት ገደማ ውስጥ በእርግጥ የተሸጡት ብቻ ተለይተው ይወጣሉ። የገበያውን ትክክለኛ ዋጋ የሚናገረው ይኸኛው ዝርዝር ነው። ተመሳሳይ ዕቃ ሦስትም አራትም ተሸጦ ካዩ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ትተው መካከለኛውን ይያዙ። ከተሸጡት ውስጥ አንድም ካላገኙ ደግሞ፣ ያ ዕቃ ብርቅ ስለሆነ ሳይሆን ፈላጊ ስለሌለው ሊሆን እንደሚችል አይዘንጉ።

በጨረታ የሚገዙ ከሆነ የመዶሻው ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። አጫራቾች ከገዢው ላይ «ባየርስ ፕሪሚየም» የተባለ ተጨማሪ ይወስዳሉ፤ ከ20 በመቶ በላይ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ለሒሳቡ ያህል፣ በ200 ዶላር ያሸነፉት ዕቃ 25 በመቶ ሲጨመርበት 250 ይሆናል። ታክሱ በድምሩ ላይ ሲሰላ፣ እንደ ሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ባለበት ግዛት 265 ዶላር ከፍለው ይወጣሉ። 200 ዶላር አቅሜ ነው ያለ ሰው እንግዲህ ከ150 በላይ መጥራት የለበትም ማለት ነው።

ሆዱን ሳያዩ አይክፈሉ

የዕቃው ፊት ለፎቶግራፍ የተዘጋጀ ነው። እውነቱ ያለው ከሥሩና ከጀርባው ነው። ሻጩን መጠየቅ ያለብዎ ሦስት ፎቶግራፎች አሉ፤ የዕቃው ሥር፣ ጀርባውና ተጎትቶ የወጣ መሳቢያ ጎኑ። እነዚህን ለማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ ያለ ሻጭ ወይ ዕቃው በእጁ የለም፣ ወይ እንዲታይ የማይፈልገው ነገር አለ።

ከሥሩ ምን ይገኛል? አንዳንዴ የፋብሪካው ማኅተም፣ አንዳንዴ የወረቀት መለያ፣ አንዳንዴ ቁጥር። ከሁሉ የሚያስደስተው የሌን ቁጥር ነው። በብዙ የሌን ዕቃዎች ላይ የታተመው ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ዕቃው የተሠራበትን ቀን ይናገራል። 164150 የሚል ቁጥር ቢያገኙ ሲገለበጥ 051461 ይሆናል፤ 5ኛው ወር፣ 14ኛው ቀን፣ 1961 ማለት ነው። ሻጩ «የአምሳዎቹ ነው» ካለና ቁጥሩ ሰባ ዓመት ምህረት ካልሰጠው፣ ለድርድር ጥሩ መነሻ አገኙ።

የመሳቢያው ጎን ከፊቱ ጋር የተጋጠመው ጣት በጣት እንደተቆላለፈ እጅ ከሆነ ሥራው የተጠነቀቁለት ነው። በስቴፕል ሽቦ ተመትቶ የተያዘ ከሆነ ርካሽ ሥራ ነው። ቬኒር መሆኑ ግን ሊያስደነግጥዎ አይገባም። «ሙሉ እንጨት ካልሆነ ሐሰት ነው» የሚለው እምነት በእኛ አገር ሥር የሰደደ ሲሆን በዚህ ዕቃ ላይ ግን አይሠራም። የዴንማርክ ስመ ጥር ቡፌዎች እንኳ ብዙዎቹ በኮምፔንሳቶ ወይም በችፑድ ላይ የቲክ ቬኒር የለበሱ ናቸው። መጠንቀቅ ያለብዎ ቬኒሩ ጠርዙ ላይ ተነስቶ ወይም ውኃ ገብቶበት አብጦ እንደሆነ ነው። ቬኒሩ ስስ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት አይችልም፤ አናጢው አንዴ ካሳለፈው ከሥሩ ያለው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

«ስታይል» የምትለውን ቃልም ልብ ይሏል። «ኢምስ ስታይል» ማለት ኢምስ አይደለም ማለት ነው፤ «ዴኒሽ ስታይል» ማለትም ከዴንማርክ አልመጣም ማለት ነው። በሕግ የሚያስጠይቅ ውሸት ስላልሆነ ሻጩ ሳይፈራ ይጽፋታል። ከ1956 ጀምሮ በአሜሪካ ኸርማን ሚለር የሚሠራውን ታዋቂውን የኢምስ የቆዳ ወንበር ብንወስድ፣ ቅጂው ዓለምን አጥለቅልቋል። ለመለየት ግን ባለሙያ መሆን አያሻም። የእውነተኛው ወንበር እግር አምስት ጣት፣ የእግር ማሳረፊያው ደግሞ አራት ጣት ነው። ከጀርባው ባሉት የእንጨት ቅርፊቶች ላይ ከውጭ የሚታይ ብሎን የለም። ወደ ኋላ የሚለጠጥ ማስተካከያም የለውም። ወንበሩ አራት ጣት ከሆነ ወይም እንደ አውሮፕላን መቀመጫ የሚጋደም ከሆነ ቅጂ ነው። ቅጂ መግዛት ነውር የለውም፤ በእውነተኛው ዋጋ መግዛት ነው ኪሳራው።

ማጓጓዣው ዕቃውን ሲበላው

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንምጣ። በአሜሪካ ፌዴክስና ዩፒኤስ ትልቅ ካርቶን ሲልኩ የሚያስከፍሉት በሚዛኑ ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በኢንች አባዝተው፣ ለንግድ ደንበኞች በተለመደው ስሌት፣ ለ139 ያካፍሉታል። የተገኘው ውጤት ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ ክፍያው በእሱ ይሆናል። 30 በ28 በ32 ኢንች ካርቶን ውስጥ የገባ አንድ ባለ እጀታ ወንበር 26,880 ኪዩቢክ ኢንች ይይዛል። ለ139 ሲካፈል ከ193 ፓውንድ ይበልጣል። ወንበሩ ራሱ ግን ምናልባት 20 ፓውንድ ቢመዝን ነው! ለአየር ነው የከፈሉት። በዚህ ላይ ለግዙፍ ካርቶን የሚጣል ተጨማሪ ክፍያ አለ።

ስለዚህ ከካሊፎርኒያ በ150 ዶላር የተገዛ ወንበር ሜሪላንድ ሲደርስ በአቅራቢያው በ300 ከሚገዛው ሊወደድ ይችላል። ቡፌ ደግሞ በካርቶን የሚሄድ ስላልሆነ በብርድ ልብስ ጠቅልለው የሚጭኑ የጭነት መኪናዎች ያስፈልጉታል። በእኛ አስተያየት የፍለጋው ክልል መወሰን ያለበት በዋጋ ሳይሆን በመንገድ ነው። ወዳጅ ከነፒካፑ ተለምኖ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚመለስበት ርቀት፣ ማለትም ሁለት ሰዓት መንገድ፣ በቂ ነው። ለእህትዎ ይህ ክልል ከባልቲሞር እስከ ሪችመንድ ያለውን ይይዛል፤ ከላይ እንዳልነው ዕቃው ሞልቷል። ከመሄድ በፊት ግን የመኪናውን የጭነት ቦታ ርዝመትና የቤቱን በር ወርድ በሜትር መለካት ነው። ስንቱ ቡፌ በር ላይ ቀርቷል።

እድሳትም እንዲሁ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የዴንማርክ ወንበሮች ትራስ የሚያርፍበት የጎማ ጠፍር ደርቆ ቢሰነጣጠቅ አይጨነቁ፤ አዲሱ በቀላሉ ይገኛል፣ መለወጡም የሚከብድ ሥራ አይደለም። ስፖንጁ ፈርሶ ዱቄት ከሆነ ግን ከነልብሱ መለወጥ አለበት፤ የልብስ ሠሪው ዋጋ ወንበሩን ከገዙበት ሊበልጥ ይችላል። ቬግነር በ1949 የነደፈው «ዊሽቦን» የሚባለው ወንበር መቀመጫው በወረቀት ገመድ የተሠራ ሲሆን ለአንዱ ብቻ 120 ሜትር ያህል ገመድ ይፈጃል። በእጅ ነው የሚጠለፈው። ገመዱ የተበጠሰ ወንበር ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ከገንዘብ በላይ ናቸው። አንደኛው ቀለም ነው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ቀለም በቤት ዕቃ ላይ የከለከለችው በ1978 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቀለም የተቀባን ዕቃ ሕፃናት ባሉበት ቤት መፋቅ አይገባም። ሁለተኛው የሌን የሴዳር ሣጥን ነው። ከ1912 እስከ 1987 የተሠሩት የሌን ሣጥኖች ቁልፋቸው ክዳኑ ሲወድቅ በራሱ የሚቆለፍና ከውስጥ የማይከፈት በመሆኑ ሕፃናት ገብተው ታፍነው ሞተዋል። በ1996 ወደ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ ሣጥኖች ቁልፋቸው እንዲለወጥ ጥሪ ተደርጓል። ሳይለወጥ የቀረው ግን ዛሬም በየድረ ገጹ ይሸጣል። ሣጥኑ የሚያምር ነው፤ ገዝተው ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሥራዎ አሮጌውን ቁልፍ ነቅሎ ማውጣት ይሁን።

ቀብዱና ሮዝውዱ

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። በዜል የተላከ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ይገባል፤ ላኪው ራሱ ፈቅዶ የላከውን ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። የፌስቡክ የገዢ ዋስትናም በገጹ የክፍያ ሥርዓት ለተፈጸመ ግዢ እንጂ በአካል ተገናኝተው ለሚረካከቡት ዕቃ አይሠራም። «ፈላጊ በዝቷል» የሚለው ቃል ከመርካቶ ደላላ አፍም የምናውቀው ነው። ልዩነቱ እዚያ ዕቃው ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል። ፎቶግራፉ ከሌላ ማስታወቂያ የተወሰደ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በጉግል የስዕል ፍለጋ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ያው ቡፌ በሌላ ከተማ በሌላ ሻጭ ስም ከወጣ ጉዳዩ አበቃ።

ከቀብዱ የከበደው ግን «ሮዝውድ» የምትለው ቃል ናት። ቡፌው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ስለሆነ ቃሉ እውነት ቢሆንም ሐሰት ቢሆንም ችግር አለው። ሐሰት ከሆነ፣ ቀላ ያለ ዎልነት ወይም ቀለም የጠጣ ሌላ እንጨት በሮዝውድ ዋጋ ተጠርቷል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በየቀኑ የሚታይ ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንደኛ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባ ነው። ኢትዮጵያ ከ1989፣ አሜሪካም ከመነሻው የስምምነቱ አባላት ናቸው። አሮጌ ዕቃ ቢሆንም ድንበር ለማሻገር እንጨቱ ከ1992 በፊት የተገኘ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ከአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት መሥሪያ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚያ ማስረጃ የሚያቀርበው ደግሞ ባለ ዕቃው ነው። የቀሩት የሮዝውድ ዓይነቶችም ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ በሁለተኛው ሰንጠረዥ ቁጥጥር ሥር ናቸው። በኋላ ለአነስተኛ የተሠሩ ዕቃዎች የተሰጠው ነጻነት እስከ 10 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ለቡፌ አይደርስም። ያለ ወረቀት የተጫነ ዕቃ ወደብ ላይ ቢያዝ 650 ዶላሩ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ አብሮት በኮንቴይነር የታሸገውም ጭነት ይቆማል።

ቲክና ዎልነት በዚህ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ስለሌሉ ለሚላክ ዕቃ እነሱን መምረጥ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ያለውን ቀረጥ ደግሞ ከመግዛት በፊት ትራንዚተር ጠይቆ በወረቀት መያዝ ይገባል።

ለጭነትም ቢሆን ከወንበር ይልቅ ቡፌ ይሻላል። 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 75 ከፍታ ያለው ቡፌ 0.6 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይይዛል። ከላይ በካርቶን ያሰላነው አንድ ወንበር 0.44 ይይዛል። የወንበሩ ባዶ ቦታ ለምንም አይጠቅምም፤ የቡፌው መሳቢያዎች ግን አንሶላና ፎጣ ተሞልተው ይሄዳሉ። የብዙዎቹ የዴንማርክና የአሜሪካ ቡፌዎች እግርም በብሎን የሚፈታ ስለሆነ ቁመቱ ይቀንሳል።

እንግዲህ እህትዎ ለሻጩ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ የሥሩን፣ የጀርባውንና የመሳቢያውን ጎን ፎቶግራፍ ይላክልኝ፤ እንጨቱ ሮዝውድ መሆኑ በምን እንደታወቀ ይነገረኝ፤ ዕቃው ካለ ቅዳሜ ጠዋት ከሰው ጋር መጥቼ አይቼ በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ። በሥሩ የፋብሪካ ማኅተም ከተገኘና ዎልነት ሆኖ ከወጣ፣ በኢቤይ የተሸጡትን ተመሳሳይ ዕቃዎች መካከለኛ ዋጋ ይያዙ፤ ከዚያ ላይ የመኪናውንና የእድሳቱን ወጪ ይቀንሱ፤ የቀረው የእርስዎ ጣሪያ ነው። ሻጩ ቅዳሜን ሳይጠብቅ ለሌላ ከሸጠው ደግሞ ይሽጠው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከአሌክሳንድሪያ አንድ ቤት ይከፈታል።